መጪው ዓመት የከተማዋ ኪነ ጥበብ ወደ ሰፈር ይምጣ፦ በዕድር ድንኳን ሥር ምን ማሳየት እንችላለን?

የየካ አባዶው፣ ነሐሴ 15 ቀን 2017

ለመድረኩ ተሳታፊዎች በሙሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ማክሰኞ ዕለት፣ በቡሄ፣ ስድስት የሚሆኑ ልጆች ዱላቸውን እየደበደቡ የእኛን ብሎክ ደረጃ መውጣት ጀመሩ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ግን ግጥሙ አለቀባቸው። አውራጁ የያዘው ከስልክ ሰምቶ ያጠናቸውን ሦስት አራት ስንኞች ብቻ ስለነበር፣ እነሱኑ ሲደጋግም ተቀባዮቹ መሳቅ ጀመሩ። ይህን ጊዜ ምድር ቤት የሚኖሩት፣ ከአራት ኪሎ አካባቢ ተነሥተው ወደዚህ የመጡት እናት በራቸውን ከፍተው ወጡና ልጆቹን ደረጃው ላይ አስቀምጠው አወራረዱንም አቀባበሉንም አንድ በአንድ አሳዩአቸው። ልጆቹ እንደገና ሲጀምሩ ባዶው ደረጃ ድምፃቸውን እያስተጋባ እስከ አራተኛ ፎቅ አደረሰው፤ አምስት ዓመት ጎን ለጎን ኖረን ሰላምታ እንኳ የማንለዋወጥ ጎረቤታሞች ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በየበራችን ቆመን ተያየን።

ይህን ክር የከፈትሁት በዚህ ምክንያት ነው። አዲሱ ዓመት ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እንደ ወትሮው በቴሌቪዥን ስለ ከተማዋ የባህል ዝግጅቶች ብዙ እንሰማለን። ይሁን እንጂ አዳራሾቻችን ሁሉ ያሉት መሀል ከተማ ነው። በ1927 የተመሠረተው ሀገር ፍቅር፣ በ1948 የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር፣ በ2014 የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት፣ በ2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ፣ ሁሉም ከፒያሳና ከለገሃር ብዙ አይርቁም። ሕዝቡ ግን የጋራ መኖሪያ ቤቶች መሠራት ከጀመሩ ወዲህ ወደ ጀሞ፣ ወደ አያት፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ ቦሌ አራብሳና ወደ እኛው የካ አባዶ ሄዷል፤ በቅርቡ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሡ ብዙ ቤተሰቦች ተጨምረዋል። ማምሻውን የሚጀምር ቴአትር አይቶ እዚህ ለመመለስ የሚደረገውን ሰልፍ የሚያውቅ ያውቀዋል። የእኛ ሰፈር ሰው መሄዱን አይፈራም፤ የሚፈራው መመለሱን ነው።

ሐሳቤ ይህ ነው። በ2018 በየወሩ አንድ ምሽት፣ በየሰፈሩ፣ በዕድር ድንኳን ወይም በጋራ መገልገያ ቤታችን፣ በኮሚናሉ፣ ውስጥ የሚካሄድ የኪነ ጥበብ ዝግጅት ቢኖር ምን ይመስላችኋል? ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱና ሰውን የሚጠራው ሰው ተዘጋጅተው አሉ። የሚጎድለው የሚቀርበው ነገርና ወጪውን የሚሸፍን ነው፤ በነዚህ ላይ ምክራችሁን እሻለሁ።


የዕድር ጸሐፊ፣ ነሐሴ 15

የተከበሩ የየካ አባዶው፣ ሐሳብዎ መልካም ነው፤ ነገር ግን ድንኳኑን እንዲህ በቀላሉ አይዩት። እኔ በሌላ ሳይት ባለ አንድ ዕድር ለዘጠኝ ዓመት በጸሐፊነት አገልግያለሁ። ድንኳኑ በመጀመሪያ የሐዘን ቤት ነው። ምንም ዓይነት ዝግጅት ቢያዝ፣ ሌሊት ጡሩምባ ከተነፋ ጠዋት ድንኳኑ ወደ ለቅሶው ቤት ይሄዳል፤ ይህ በመተዳደሪያ ደንባችን የተጻፈ ብቻ ሳይሆን ከደንቡም በፊት የነበረ ነው። ስለዚህ ማንም አዘጋጅ «ቅዳሜ በድንኳኑ» ብሎ ማስታወቂያ ከመለጠፉ በፊት ሁለተኛ ቦታ ማሰብ አለበት።

ሁለተኛው ጥያቄ የሚነሣው ከሽማግሌዎች ነው። ሦስት ቀን ሐዘን በተቀመጡበት ድንኳን ሥር ክራር ይመታል ወይ? በእኛ ዕድር ይህ ጥያቄ ተነሥቶ ያውቃል። መልስ የሰጡት ዳኛችን ነበሩ፤ «ለሠርግ ስናከራየው ማን ጠየቀ?» አሉ። እውነት ነው፤ ጥር በገባ ቁጥር ድንኳናችን ከሠርግ ወደ ሠርግ ሲዞር ይከርማል፤ የዕድሩ ገቢም በዚያ ይደጎማል። እንግዲህ ጥርን ከዕቅድዎ ያውጡት። ለቀረው ጊዜ ግን ጉዳዩ በሥራ አመራሩ ይሁንታ ብቻ እንዳይያዝ፤ በጠቅላላ ጉባኤ ቀርቦ በቃለ ጉባኤ ይስፈር። አባላት በየወሩ የሚያዋጡበት ንብረት ነውና ሳይጠየቁ ከተወሰደባቸው ዝግጅቱን ከመጀመሪያው ቀን ይጠሉታል።


መድረክ አዋቂ፣ ነሐሴ 16

በአንድ ቴአትር ቤት የመድረክ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ያሳለፍሁ ሰው ነኝና ከሙያው አንፃር ጥቂት ልበል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናስታውስ። ሀገር ፍቅር ማኅበር ሆኖ ሲመሠረት ዓላማው የጣሊያን ወረራ እያንዣበበ በነበረበት ጊዜ ሕዝቡን በንግግርና በመዝሙር መቀስቀስ ነበር፤ ቴአትር ቤትነቱ ኋላ የመጣ ነው። ስለዚህ ኪነ ጥበብ ወደ ሕዝብ መሄዱ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እንግዳ የሆነብን ሕዝቡ ትኬት ቆርጦ ወደ አዳራሽ መምጣቱ ነበር።

ሆኖም የሁለት ሰዓት ተኩል ተውኔት አንሥቶ ድንኳን ውስጥ ማስገባት አይቻልም። ገጸ ባሕርያቱ የሚወጡበት በር የለም፣ መብራት የሚሰቀልበት የለም፣ ሸራው ደግሞ ድምፅ ይውጣል። ዝናብ ከጣለማ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚሰማው የሸራውን ጩኸት ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ሐምሌና ነሐሴ ወደ ኮሚናል መግባት ግድ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ የሲሚንቶ ግድግዳው ድምፅ ያስተጋባልና ምንጣፍ ወይም ብርድ ልብስ በግድግዳው ላይ ማንጠልጠል ይረዳል። ሞክሬ አይቼዋለሁ።

ለድንኳን የሚመቸው አጭር ነገር ነው፤ ሃያ ደቂቃ የማይሞላ ተውኔት፣ ግጥም፣ ተረት የሚያወራ ሰው፣ ከሁሉም በላይ ግን አዝማሪ። አዝማሪ ማይክ አይፈልግም፣ መድረክ አይፈልግም። ከታዳሚው መካከል አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጠዋል፣ እሱም ተቀብሎ ይመልሳል፤ ታዳሚው የሥራው ግማሽ ነው። የካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች ዋጋቸው ይህ ነበር። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ፈንድቃን ከአንድ ትንሽ አዝማሪ ቤት ተነሥቶ ውዝዋዜ፣ ጃዝ፣ ሥዕልና ግጥም የሚገናኙበት ቤት ያደረገው ይህንኑ መሠረት ይዞ ነው። ያ የካዛንቺስ ሰፈር ዛሬ የለም። አዝማሪዎቹ ግን አሉ፤ ብዙዎቹም እንደ እናንተው በየዳር ሰፈሩ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ምናልባት አንዱ የእርስዎ ብሎክ ውስጥ ይሆናል፤ ይጠይቁ።


ተጠራጣሪው፣ ነሐሴ 16

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን ወደፊት የሚሆነው ይታየኛል። ሁለተኛው ምሽት ላይ ባነር ይሰቀላል፣ ሦስተኛው ላይ አንድ ኃላፊ የመክፈቻ ንግግር ያደርጋል፣ አራተኛው ላይ ንግግሩ ከዝግጅቱ ይረዝማል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው እንዲገኝ የታዘዘ ሰው ብቻ ይሆናል።


የቀበሌ ኪነት አባል የነበርኩ፣ ነሐሴ 17

ተጠራጣሪው ወንድሜ፣ የምትለውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ቢሆንም ሙሉው ታሪክ ያ ብቻ አይደለም።

በ1970ዎቹ በአንድ የአዲስ አበባ ቀበሌ የኪነት ቡድን ውስጥ ክራር እመታ ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን በቀበሌው አዳራሽ ልምምድ ነበረን። መጀመሪያ የሚጠናው የታዘዘው መዝሙር ነው፤ ካድሬው በር ላይ ቆሞ ያዳምጣል። እሱ ሲሄድ ግን አሠልጣኛችን በሩን ገርበብ ያደርጉና «በሉ አሁን ቅኝት እንማር» ይሉ ነበር። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ለይቼ የሰማሁት በዚያ አዳራሽ ነው። አብረውን ከነበሩት መካከል ትግርኛ፣ ኦሮምኛና ጉራጊኛ የሚዘፍኑ ልጆች ነበሩ፤ እኔ የጉራጌን ጭፈራ እግር የተማርሁት ከአንድ የሊስትሮ ልጅ ሲሆን እሱም ከእኔ ክራር ተምሯል። ከእነዚያ የቀበሌና የከፍተኛ ኪነቶች በኋላ በየቴአትር ቤቱ የተቀጠሩ ሙዚቀኞችና ተወዛዋዦች ጥቂት አልነበሩም። መንግሥት መዝሙር እንድንዘምርለት አዳራሹን ሰጠን፤ እኛ ግን ሌላም ነገር ተምረን ወጣንበት።

ያን ጊዜ የወደድነው ቋሚ ቦታ፣ ቋሚ ቀንና የሚያስተምር ሰው መኖሩን ነው። የጠላነውም ግልጽ ነው፤ ምን እንደሚዘፈን የሚወስነው ሌላ ሰው ነበር። ስለዚህ የየካ አባዶው፣ ለወረዳው በደብዳቤ ማሳወቅ አይቀርም፤ ያሳውቁ፣ ይጋብዟቸውም። የምሽቱን ዝርዝር ግን የሰፈሩ ሰው ብቻ ያውጣው፤ ንግግርም እንዳይኖር ከመጀመሪያው ቀን ይወሰን። የዕድር ዳኛው እንኳ ቢሆኑ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብለው ይቀመጡ።

ደግሞም ምሽቱ ብቻውን ብዙ አይጠቅምም። ልጆቹ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ግጥም ያለቀባቸው አስተማሪ ስላልነበራቸው ነው። በወር አንድ ዝግጅት ከማሳየት በሳምንት አንድ ቀን አንድ ልጅ ክራር ቢይዝ እመርጣለሁ።


የመርካቶዋ፣ ነሐሴ 18

አስተያየቶቻችሁን በጥሞና አነበብኩ። ስለ ወራቱ አንድ ነገር ልጨምር፤ የየካ አባዶው «በየወሩ አንድ ምሽት» ሲሉ ዓመቱን እንደ አንድ ወጥ ጨርቅ የቆረጡት መሰለኝ።

የ2018 ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ይገባል፤ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። ረመዳንም በዚያው ሳምንት እንደሚገባ ይጠበቃል። ያም ማለት የሰፈሩ ክርስቲያንም ሙስሊሙም አብረው በሚጾሙባቸው ሳምንታት ጭፈራ የሚያዘጋጅ ሰው ባዶ አግዳሚ ይጠብቀዋል። የዓድዋ ድል 130ኛ ዓመት የሚውልበት የካቲት 23ም እዚያው መሀል ነው።

ይህ ግን ችግር ሆኖ አልታየኝም፤ እንዲያውም የዓመቱ ምርጥ ምሽቶች እነዚህ ሊሆኑ ይችላሉ። መሰንቆ በሚሰቀልበት ወቅት በገና ይወርዳል። በገና ከቀኑ ጫጫታ በኋላ፣ ጥቂት ሰው ከብቦት፣ በዝግታ የሚደረደር ነገር ነው፤ ለሰፊ አዳራሽ ታዳሚ ሳይሆን ለኮሚናል ክፍል የተሠራ ይመስላል። በእኛም ወገን መንዙማ አለ። ከወሎ የመጡ ሽማግሌ ድቤ እየተመታ ሲያዜሙ ተቀባዩ በጭብጨባ ሲከተል ያልሰማ ሰው ስለዚህች ከተማ ግጥም አውቃለሁ ባይል ይሻላል። አንድ ሳምንት የበገና፣ ሌላ ሳምንት ከኢፍጣር በኋላ የመንዙማ ምሽት ቢኖርና ጎረቤት በጎረቤቱ ምሽት እንግዳ ሆኖ ቢቀመጥ፣ ስለ ብዝኃነት በየስብሰባው ከሚነገረው ይልቅ የሚታይ ነገር ይሆናል። ጥንቃቄው ሁለቱንም በአንድ ምሽት አለመደባለቅ ነው። ሁለቱም የአምልኮ መንፈስ ያላቸው ናቸውና እንደ ትርኢት ተራ በተራ «ቀጥሎ ደግሞ» እየተባሉ መቅረብ የለባቸውም።

መስከረም በራሱ ሙሉ ነው። እንቁጣጣሽ፣ ደመራና መስቀል፣ ከዚያም ኢሬቻ ስላሉ ሰው ወደ አደባባይ ይወጣል። የሰፈሩ ምሽት በመስከረም ከእነዚህ ጋር ባይሻማ መልካም ነው፤ ልምምዱን ማስተናገድ ግን ይችላል።


ቀጨኔ ያደግሁ፣ ነሐሴ 19

እስካሁን የተነጋገራችሁት ስለሚዘፍንና ስለሚናገር ሰው ነው። እኔ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ፤ እናቴ ዛሬም ቀጨኔ ጀበናና ምጣድ ትሠራለች።

እኛ ባህል የምንባለው በዐውደ ርዕይ ቀን ነው። ቀሪውን ዓመት ስማችን ሌላ ነበር፤ ሸክላ ሠሪ ምን ይባል እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁና አልደግመውም። በዐውደ ርዕዩ ቀን እናቴን ነጭ አስለብሰው በአንድ ጠረጴዛ ጀርባ ያቆሟታል፣ ፎቶ ያነሷታል፣ ማታ የምስጋና ወረቀት ይሰጧታል። ወረቀቶቹ ቤታችን ግድግዳ ላይ በተርታ አሉ። የትራንስፖርቷን የከፈለ ግን አልነበረም።

ስለዚህ ይህ የሰፈር ምሽት ከተጀመረ የመጀመሪያው ደንቡ ለሠራ ሰው በዕለቱ በእጁ መክፈል ይሁን። ብዙ ባይሆንም ይከፈለው። አዝማሪው ከታዳሚው ይሸለማል፤ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው፣ ተረት የሚያወሩት አዛውንት ግን ግንባራቸው ላይ ብር የሚለጥፍላቸው የለም።

ምን ማሳየት ይቻላል ብትሉኝ፣ አዲስ ምጣድ ማሟሸት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያደገ ልጅ ምጣድ ከሱቅ ተሟሽቶ የሚመጣ ይመስለዋል። ምጣዱ ግሎ፣ የተወቀጠው ጎመን ዘር ተበትኖበት፣ በጨርቅ እየታሸ ጭሱ ሲወጣና ፊቱ እየጠቆረ እየለሰለሰ ሲሄድ ማየት አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ እናቴ በዚያ ሰዓት ውስጥ የምታወራው ወሬ ደግሞ ከየትኛውም ተውኔት አያንስም። በመጨረሻም እንጀራው ይጋገራል፣ ሰውም ይቀምሳል። ጭሱ ስለሚያስቸግር ኮሚናሉ ውጪ ያለው ሜዳ ላይ ቢሆን ይሻላል። ከሽሮ ሜዳ አንድ የጋሞ ሸማኔ መቃውን ይዞ ቢመጣ ደግሞ ጥበቡ እንዴት እንደሚጣል ልጆች በጣታቸው ሞክረው ያያሉ።


ከሊድስ፣ ነሐሴ 19

እኔ የምኖረው ከብራድፎርድ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ የባቡር ርቀት ላይ ነው፤ ከተማዋ ለ2025 እ.ኤ.አ. የዩናይትድ ኪንግደም የባህል ከተማ ሆና ተመርጣለች። በየአራት ዓመቱ አንድ ከተማ ይመረጣል፤ ከእርሷ በፊት ደሪ፣ ኸልና ኮቨንትሪ ነበሩ። ብራድፎርድ ከሩብ በላይ ነዋሪዋ ከ20 ዓመት በታች የሆነ፣ ከደቡብ እስያ የመጡ ቤተሰቦች የበዙባት፣ የቀድሞ የሱፍ ፋብሪካ ከተማ ናት። ለዓመቱ ከ1,000 በላይ ዝግጅቶች ታቅደዋል።

ከዚህ ለናንተ የሚጠቅመው ሁለት ነገር ይመስለኛል። ኸል በ2017 እ.ኤ.አ. ከ2,000 በላይ በጎ ፈቃደኞችን መልምላ አንድ ዓይነት ልብስ አልብሳ አሠማርታ ነበር፤ ዓመቱ ካለፈም በኋላ እነዚያ ሰዎች በሌሎች ዝግጅቶች ላይ ማገልገላቸውን ቀጠሉ። የኮቨንትሪ ግን የተለየ ነው። ዓመቱን ያስተባበረው ድርጅት ዝግጅቱ ካበቃ አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. የካቲት፣ ዕዳውን መክፈል አቅቶት ፈረሰ፤ የከተማው ምክር ቤት ካበደረው 1 ሚሊዮን ፓውንድ ጋር። እዚያ ሁሉንም ነገር የያዘው ለአንድ ዓመት ተብሎ የተቋቋመ ድርጅት ነበር። የናንተ ዕድር ለአንድ ዓመት የተቋቋመ አይደለም፤ ስለዚህ እባካችሁ ለዚህ ሥራ ሲባል አዲስ ኮሚቴ፣ አዲስ ማኅተምና አዲስ የባንክ ሒሳብ አትክፈቱ።


የየካ አባዶው፣ ነሐሴ 23

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጻፋችሁትን አትሜ ለዕድራችን ዳኛና ለገንዘብ ያዣችን ሰጥቼ ነበር፤ ትናንት ከሥራ መልስ ተገናኝተን ተነጋገርን።

በወር አንድ ምሽት የሚለውን ሐሳብ ትቼዋለሁ። የመርካቶዋ እንዳሉት ዓመቱ ወጥ አይደለም፤ ጥር ለሠርግ፣ መስከረም ለአደባባዩ ይቆይ። ለጊዜው የያዝነው አራት ነው። በኅዳር አዝማሪ፣ በጾሙ ውስጥ የበገናና የመንዙማ ሁለት ምሽቶች፣ ከፋሲካ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ምጣድ ማሟሸትና ሸማ። ስለ ክፍያ የቀጨኔዋ እኅታችን የጻፉት ሲነበብ ገንዘብ ያዣችን ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «ከኪራይ ገቢው እንችላለን፤ ግን ጉባኤው ይወስን» አሉ። ጉባኤው ጥቅምት ላይ ነው። ድንኳኑን በሚመለከት ሁለት አዛውንቶች እስካሁን አልተስማሙም፤ በጉባኤው ይናገራሉ፣ እንሰማቸዋለን። አዝማሪም አግኝተናል፤ ብሎክ 41 ውስጥ የሚኖር፣ ቀን ቀን ታክሲ ላይ ረዳት ሆኖ የሚሠራ ወጣት ነው። ጎረቤቶቹ መሰንቆ እንዳለው አያውቁም ነበር።

ሳምንታዊውን ትምህርት ግን ጉባኤ አላስጠበቅነውም። ምድር ቤት ያሉት እናት ለእንቁጣጣሽ ሴቶቹን «አበባየሆሽ» ሊያስጠኑ ተስማምተዋል፤ ቅዳሜ በድንኳኑ ሊጀመር ነበር።


የዕድር ጸሐፊ፣ ነሐሴ 23

«ነበር» ማለትዎ ምን ሆኖ ነው?


የየካ አባዶው፣ ነሐሴ 25

ዓርብ ሌሊት ጡሩምባ ተነፋ፤ ድንኳኑ ብሎክ 17 ሄደ። እርስዎ አስቀድመው እንደመከሩን ልምምዱን ወደ ኮሚናሉ አዛወርነው፤ ለቅሶው ቅርብ ስለሆነ ከበሮ አልመታንም። አሥራ አንድ ልጆች መጡ፤ ከነሱ ሁለቱ ወንዶች ሲሆኑ፣ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩ ከርመው በመጨረሻ ገቡ። በጭብጨባ ብቻ፣ በዝግታ፣ መቀበሉን አጠኑ። ቀጣዩ ቅዳሜ ጳጉሜን 1 ነው፤ ከበሮ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ የእኛው ቆዳው ላልቷል።